ፈርዖንና የእማሆይ የጡት ልጅ

የግብፅን ንጉሥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ ቁስቋም ውስጥ፣ አመድ ላይ ነው። እማሆይ ወለተ ጻድቃን ከምድጃቸው ዳር ያለውን አመድ በመዳፋቸው ደልድለው በስንደዶ ጫፍ አንድ ግዙፍ ሰው ሣሉ፤ ከጉልበቱ በታች ደግሞ ጉንዳን የሚያካክሉ ብዙ ሰዎች። ግዙፉ ሰው ባንድ እጁ ዱላ አንሥቷል፣ በሌላው የትንንሾቹን ጠጉር ሰብስቦ ጨብጧል። ለምን እሱ ብቻ እንዲህ ገዘፈ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ያሣለው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው ብለው መለሱልኝ። አጠገባችን ጥጥ እየፈተሉ ይሰሙ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔ ግን ነገሩ ስላልገባኝ ሥዕሉ ላይ አፍጥጬ ስቀር የፍሙ ወላፈን ግንባሬን ፈጀው።

ያኔ ጎንደር በጣሊያን እጅ ነበረች። አባቴ ከአርበኞች ጋር ወገራ ጫካ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሴና እኔ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ባለች የሣር ክዳን ቤታችን ቀርተናል። ደምሴ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሰዓት እላፊው ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ እንዝርታቸውን ይዘው እማሆይ ጎጆ ይሰበሰቡ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚሰበሰቡት ለተረቱ ብቻ ሳይሆን ለኩራዙም ነው፤ ጋዝ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና አራት ሴት ባንድ ብርሃን ትፈትላለች። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እኔና ደምሴ ከመደቡ ሥር ተጣጥፈን እንሰማለን።

እማሆይ አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞቶባቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ ነው የመነኮሱት። ከዚያ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ከመተማ ተነሥተው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣ ዓባይን ተከትለው በእግራቸው ወረዱ። ግብፅ ውስጥ ዓባይ ዳር ያለች አንዲት ከተማ ሲደርሱ ወባ ጣላቸው፣ ጓደኞቻቸውም ጥለዋቸው ሄዱ። ያገሩ መነኮሳይያት ወስደው አስታመሟቸው። እዚያ አጠገብ ከጎንደር ግንብ ሁሉ የሚበልጥ የድንጋይ ፍርስራሽ ነበር፤ ፍርስራሹን ለሚቆፍሩ ፈረንጆች ብዙ ዘመን ያገለገለ አንድ ሽማግሌ ዲያቆን እየደገፈ ያዞራቸውና በግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ይተርክላቸው ነበር። በተሰባበረ ዓረብኛ ነበር የሚግባቡት፤ ስለዚህ ዲያቆኑ ምን ያህሉን እንደጨመረ፣ እሳቸውም ምን ያህሉን እንዳሳመሩ አላውቅም። ሌሎች መነኮሳይያት የጻድቃንን ተአምር ሲያወሩ የኛዋ እማሆይ የጦር ወሬ ይቀናቸው ነበር።

አመዱ ላይ የሣሉት ንጉሥ ገና ሕፃን ሳለ እንጀራ እናቱ ዘውዱን ደፍታ ትገዛ ነበር። መርከብ ልካ እጣንና ዝንጀሮ ታስመጣለች እንጂ ጦርነት ብዙም አትወድም። ጎረቤቶቻችን ይህን ይወዱት ነበር፤ ቁስቋም ራሱ ዘውድ የጫነች ሴት ያቀናችው ሰፈር ነውና። ስትሞት ልጁ ተነሣ፣ ጦር ሰበሰበ፣ ኋላም ስሟን ከየግድግዳው በመሮ አስፋቀ። አዝመራ በደረሰ ቁጥር ይዘምታል፤ የራሱ አገር ሳይሆን የሰው አገር አዝመራ ሲደርስ፣ ምክንያቱም ሠራዊቱ የሚበላው የጠላቱን ማሳ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ እንዲህ ወጥቶ ገባ። አንዴማ ጀልባ አሠርቶ፣ ጀልባዎቹን በጋሪ ጭኖ፣ በሬ እያስጎተተ በየብስ ወስዶ ኤፍራጥስን ተሻገረባቸው። ይህን ሲሰማ ደምሴ በደስታ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ሰካብኝ።

ከሁሉ የምንወደው የመጊዶን ጦርነት ነበር። ብዙ መኳንንት አድመው መጊዶ ላይ ሲጠብቁት ወደ ከተማዋ የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች ነበሩ፤ ሁለቱ ሰፊ፣ አንዱ ግን ፈረስ ከፈረስ ኋላ ካልሆነ የማያሳልፍ ገደላማ ጥበት። የጦር አለቆቹ በሰፊው እንሂድ ብለው ለመኑት። እሱ በጠባቡ ገባ፣ ራሱ እየቀደመ፤ ጠላቶቹ ሰፊዎቹን መንገዶች ሲጠብቁ ደጃቸው ላይ ቆሞ አገኙት። ድል የሆኑት ሲሸሹ የከተማዋ በር ተዘግቶ ስለነበር ዘመዶቻቸው ከቅጥሩ አናት ሆነው በልብሳቸው እየጎተቱ አወጧቸው። እዚህ ሲደርሱ እማሆይ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዘው ወደ ላይ ይስቡት ነበር። ወታደሮቹ ለዘረፋ ባይቆሙ ኖሮ ነገሩ ያን ዕለት ያልቅ ነበር፤ በዘረፋ ምክንያት ሰባት ወር ከበባ ሆነ። በመጨረሻ መኳንንቱ ርቧቸው ወጡ። ንጉሡ አልገደላቸውም። ዕድሜ ልካችንን አንከዳህም አሰኝቶ አስማላቸው፣ ፈረሶቻቸውን ነጠቀና በአህያ ወደየአገራቸው ሰደዳቸው። እናቴ የወገራ ልጅ ናትና ፈረስ ለመኳንንት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በአህያ፣ በአህያ እያለች እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች።

ደምሴ ያን ንጉሥ ወዶት ነበር። ባሕር የበላው ፈርዖን እሱ እንዳይሆን ፈርቶ ጠየቀ፤ እማሆይ ግን ፈርዖን የማዕረግ ስም እንጂ ያንድ ሰው ስም እንዳልሆነ፣ ይኼኛው በአልጋው ላይ እንደሞተ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን የቁስቋምን ፍርስራሽ እየዞረ የሚያስገብረው አገር ይፈልግ ጀመር። ምርኮኛው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ።

የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከጣሊያኖቹ ምሽግ አንድ ትእዛዝ ወጣ። አባቱ ጫካ የገባ የበኩር ወንድ ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ማጆሬው ፊት እንዲቀርብ፣ ማጆሬውም የጡት አባት እንደሚሆነው ተለፈፈ። ማጆሬ የምንለው የምሽጉን አዛዥ ነው። ወጉን የማያውቅ ካለ ልንገረው። በኛ አገር ሁለት ሰዎች በዝምድና ሊተሳሰሩ ሲሹ ታላቁ አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ታናሹ ሽማግሌ ፊት ያን ጣት ይጠባል፣ መሐላ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ከወለደና ከተወለደ አይለዩም፤ አንዱ ባንዱ ላይ መሣሪያ አያነሣም፣ የሥጋ ዘመዶቻቸውም እንደዚያው። ደምሴ የማጆሬውን ጣት ከጠባ በኋላ አባቴ ማጆሬው ላይ ቢተኩስ፣ ባገሬው ዓይን መሐላ ያፈረሰው አባቴ ነው። ይህን ፈረንጅ ብቻውን አያስበውም፤ ያስተማረው አስተርጓሚው ነው ተባለ፣ እሱ ያገራችን ሰው ነበርና።

ልጁን ያላቀረበ ቤቱ ይቃጠላል። ያቀረበ ደግሞ ልጁ ምሽጉ ውስጥ ያድርለታል፤ ጫማና ነጭ ዳቦ ያገኛል፣ ቋንቋ ይማራል፣ ሲጎለምስ ማኪና ይነዳል። ማኪና የሚለውን የሰማ ዕለት ደምሴ እህል አልበላም። እሄዳለሁ አለ። እናቴም ብታዝንም አልከለከለችውም፤ ቤቷ ከሚቃጠል፣ ልጇም ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ከሚከሳ፣ ጠግቦ ይደር ብላ ልቧን አሳምና ነበር። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ የሚፈልግ ማጆሬ በመጥፋቱ ተናድጄ ሁለት ቀን አኮረፍሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን ጫማው ነበር የታየኝ።

ረቡዕ ማታ ሴቶቹ እማሆይ ጎጆ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ቅዳሜ ሆነ። እማሆይ አመዱን ደለደሉ፣ ስንደዷቸውን ግን አላነሡም። የዚያ ንጉሥ ትልቁ ዘመቻ እስካሁን አልነገርኋችሁም ብለው ጀመሩ። በአህያ ከሰደዳቸው መኳንንት ልጆቻቸውን ተቀብሎ ወደ ግብፅ ወስዶ ነበር። ደምሴ ቀና ብሎ፣ ልጆቹ አልቅሰው እንደሆነ ጠየቀ።

«አንድ ወር አለቀሱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሉ። ሸጋ በሉ፣ ሸጋ ለበሱ፣ ከንጉሡ ልጆች ጋር ቀስት ተማሩ። አባታቸው ሲሞት ንጉሡ ራሳቸውን ዘይት ቀብቶ ለሹመት ሰደዳቸው። ያገራቸው ሰውም ልጃችን መጣ ብሎ በእልልታ ተቀበለ። ንጉሡ ያን አገር ዳግመኛ በጦር አልፈለገውም።»

«ታዲያ እኮ ክፉ አላደረገባቸውም» አለ ደምሴ።

«አላደረገም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።»

እናቴ መፍተሏን አቆመች። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቤቴ ሲቃጠል ቆሜ ልይ ወይ ብላ ጠየቀች። እማሆይ ፍሙን ቆሰቆሱና የጠባ ልጅ ዳግመኛ አይጠባም አሉ። ለሳላቸው ያስቀመጡት ጥቂት ማር እንዳላቸው፣ ሌላ ሰው ደፍሮ ጣቱን የሚሰጥ ከጠፋ እሳቸው እንደሚሰጡ ተናገሩ። አንደኛዋ ጎረቤታችን ቀስ ብላ፣ እማሆይ መነኩሴ መሆናቸውን አስታወሰቻቸው። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው፤ ሲመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶለታል፣ የሞተ ሰው እንዴት ልጅ ያፈራል? እማሆይም ይህን ስለማያውቁ አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ጭንቀቱን አይቼዋለሁ። ደምሴ ግን አልጠባም ብሎ ተነሥቶ ወጣ፣ ወዲያው ጡሩምባው ተነፋ፣ ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ደምሴ ቆመ። ፊቱ በጨለማው አይታየኝም ነበር።

«እማ፣ እኔ የማጆሬውን ጣት ከጠባሁ በኋላ አባባ የሚገባው በአህያ ነው?»

እናቴ እጁን ይዛ አስገባችው፣ እሱም ያን ሌሊት ስለ ማኪና አላወራም።

በማግሥቱ እማሆይ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ነገሩን አዋዩ። ቄሱ ማር ጾም አይገድፍም ብለው ብቻ አሰናበቷቸው፤ እማሆይ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት። አርብ አመሻሽ ላይ ደምሴ ከሁላችን ቀድሞ ጎጆው ገብቶ ተቀምጧል። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ አያ መርሻም ነበሩ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ቅዳሜ ማጆሬው ፊት ተቀምጠው ሥርዓቱን እንዲመሰክሩ የታዘዙት እሳቸው ናቸው። አያ መርሻ በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ይመለከቱ ነበር። እማሆይ አውራ ጣታቸውን ታጠቡ፣ ማሩን ቀቡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ከፈትል ብዛት የተሰነጣጠቀ ነበር፣ በኩራዙ ብርሃን ማሩ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ አያለሁ። ደምሴ ተንበርክኮ ጠባ። እማሆይ መሐላውን ተናግረው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ ከግንቡ በታች ባለው ሜዳ ዘጠኝ ልጆች ተሰለፉ። ማሩ በነጭ ሳህን ቀርቧል። ማጆሬው ጓንቱን አውልቆ ጣቱን ይነክራል፣ ልጁ ይጠባል፣ አያ መርሻና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች መሐላውን ያስፈጽማሉ፣ ማጆሬው በመሐረብ ይጠርጋል። ሦስት ልጆች እንዲህ አለፉ። አራተኛው ደምሴ ነበር። ጣቱ ወደ አፉ ሲቀርብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«እኔ የጠባሁት ጡት አለ።»

አያ መርሻ ነገሩን ያን ጊዜ ገና እንደሰማ ሰው ቅንድባቸውን ሰቅለው፣ የማንን ነው ብለው ጠየቁ። ደምሴ የእማሆይን ስም ጠራ። ምስክር ሲባል እናቴ እጇን አነሣች፣ ጎረቤቶቻችንም አነሡ፣ እኔም ሳልጠየቅ አነሣሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያይተው፣ የጠባ ልጅ ዳግመኛ እንደማይጠባ፣ ቢጠባም መሐላው እንደማይይዝ ለአስተርጓሚው ነገሩት። አስተርጓሚው ወጉን ያውቃል፤ ማጆሬውን ያስተማረው እሱ ነውና አሁን ውሸት ነው ሊል አልቻለም። ረጅም ጊዜ ወስዶ ተረጎመ። ይህን ጊዜ ከኋላ ከተሰለፉት ልጆች ሦስቱ ድንገት የጡት አባት አበቀሉ። አንዱማ የጡት አባቱን ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ሌላ ስም ጠራ።

ማጆሬው መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ እማሆይ እንዲመጡ አዘዘ። በትራቸውን ይዘው፣ ቆባቸውን አስተካክለው መጡ። በማን ፈቃድ ይህን እንዳደረጉ አስጠየቃቸው፤ በመንግሥት ሥራ መግባት ምን እንደሚያስከትል ብዙ ተናገረ፣ አስተርጓሚው ሁሉንም ተረጎመላቸው። እማሆይ ማጆሬውን አላዩትም፣ የመለሱት ለአስተርጓሚው ነው።

«ልጄ ነው በልልኝ።»

አስተርጓሚው ይህን በሁለት ቃል ተረጎመው። እማሆይን ከምሽጉ ሥር ወዳለው እስር ቤት ወሰዷቸው፤ ደምሴ ሰኞ ጧት ያለ ምንም መሐላ እንዲገባ ታዘዘ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ጡሩምባው ሳይነፋ፣ አባቴን ፍለጋ ከቁስቋም ወጣን። እናቴ በአምባ ጊዮርጊስ የሚያልፈውን የማኪና መንገድ ትታ በገደሉ በኩል ያለውን የፍየል መንገድ መረጠች፤ አንዳችን ካንዳችን ኋላ እየተከተልን ስንወጣ፣ ደምሴ እየቀደመ እጄን ይስበኝ ነበር። ሰኞ ቤታችን እንደተቃጠለ የሰማነው አባቴን ካገኘነው በኋላ ነው። አባቴ ታሪኩን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማ፣ ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቀም። እንግዲያ እማሆይ ዘመዴ ናቸው አለ፣ ከዚያ ለደምሴ ውኃ እንድቀዳለት አዘዘኝ።

እማሆይ ብዙ ወር ታስረው ሲፈቱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ወደ ቁስቋም ስንመለስ እንጨትም ውኃም የሚሸከምላቸው ደምሴ ሆነ፤ ሲያገባ ሚስቱን መጀመሪያ ያስመረቃት እሳቸው ዘንድ ወስዶ ነው፣ የመጀመሪያ ልጁንም እሳቸው ጭን ላይ አስቀምጦ ስም አስወጣ። እሳቸውም ይቆጡት ነበር፣ እንደ ልጅ። ማታ ማታ ግን ስለዚያ ንጉሥ ማውራት ተዉ። ብጠይቃቸው፣ እሱ ሰውዬ አደከመኝ አሉኝ።

የሞቱት እኔ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ወጉ ቀበራቸው፤ መነኩሴ ናቸውና ለቅሶ የሚቀመጥላቸው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወንድሜ ግን ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ነገሩ ለሰው ግራ ነበር፤ ኋላ ግን አንድ በአንድ እየገባ እግዜር ያጥናህ ይለው ጀመር። ከወገራ የመጣች አንዲት ዘመዳችን ግን አልዋጥልሽ ብሏት ወደ እናቴ ጠጋ አለች።

«ምነው እቴ፣ አንቺ በሕይወት እያለሽ ልጅሽ የእናት ሐዘን ይቀመጣል?»

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እናቱ ሞታበት ምን ያድርግ ትያለሽ?»

ያ የግብፅ ንጉሥ አሁንም ይታወሰኛል። እማሆይ አንድ ጊዜ እንደነገሩን፣ እሱ ሞተ የሚለው ወሬ ሲደርስ ያስገበራቸው አገሮች ሸፈቱ፣ ልጁም ካንድ ጫፍ ጀምሮ እንደገና ሊዘምት ወጣ። ከነዚያ ወስዶ ካሳደጋቸው ልጆች አንዱ እንኳ አልቅሶለት እንደሆነ ዲያቆኑ አልነገራቸውም፤ ግድግዳውም ላይ አልተጻፈ ይሆናል። ወንድሜ ጥቁሩን ያወለቀው ዓመት ሞልቶ፣ የእማሆይን ሙት ዓመት ካወጣ በኋላ ነው።